ማሞግራም ሲታዘዝ ምን ይጠበቃል?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ድልድይ፣ ስለ ኃይል ማመንጫና ስለ መንገድ ሥራ መስማት የለመደ ጆሮ፣ ስለ ጡት ራጅ የሚናገር መሐንዲስ ሲነሣ ቢገረም አያስደንቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሙያዬ የራጅ መሣሪያዎችን መትከል፣ መለካትና መጠገን ነው። ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ጎን ብዙ ሰዓት የሚቆም ሰው፣ ከመሣሪያው ፊት የሚቆመውን ሰው ሳያይ አይቀርም። እኔም ያየሁት ይህን ነው፤ ወደ ማሞግራም ክፍል ከሚገቡት እናቶችና እኅቶች ብዙዎቹ ምን እንደሚደረግላቸው የነገራቸው ሰው የለም። አንዳንዶቹም የሐኪሙን ትእዛዝ እንደ ሞት ፍርድ ስለሚቈጥሩት ወረቀቱን በቦርሳቸው ይዘው ወራት ያሳልፋሉ።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ማሞግራም ለምን እንደሚታዘዝ መግለጽ፤ ሁለተኛ፣ የታዘዘላት ሴት ከክፍሉ ገብታ እስክትወጣ ምን እንደሚጠብቃት በዝርዝር መናገር፤ ሦስተኛ፣ ከውጤቱ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበትና እኛ መሐንዲሶች በዚህ ውስጥ ያለብንን ድርሻ ማመልከት ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ሴቶች ባልደረቦቻችን ነገሩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ወንዶቹም ብንሆን እናት፣ እኅት፣ ሚስት ወይም ሴት ልጅ የሌለን የለንም። ከዚህም በላይ የጡት ካንሰር፣ ከመቶው አንድ ያህሉ ብቻ ቢሆንም፣ ወንዶችንም ይይዛል።

ሁለት ዐይነት ምርመራ

በመጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ለይተን እንይ። የመጀመሪያው፣ አንዲት ሴት ምንም ሕመምና ምልክት ሳይኖርባት፣ ዕድሜዋ ስለ ደረሰ ብቻ በየጊዜው የምትነሣው ራጅ ነው። ይህን የቅድመ ምርመራ ማሞግራም እንበለው። ሁለተኛው፣ አንድ ምልክት ከታየ በኋላ የምልክቱን ምንነት ለመለየት የሚደረገው ነው፤ ይህን ደግሞ መለያ ማሞግራም ብዬ እጠራዋለሁ። የዛሬው ርእሳችን ይኸው ሁለተኛው ነው።

በእኛ ሙያ ምሳሌ ብናስረዳው፣ የቅድመ ምርመራው አንድን ድልድይ በየዓመቱ ዞሮ እንደ ማየት ነው። መለያው ግን በአንዱ ምሰሶ ላይ ስንጥቅ ታይቷል ሲባል፣ መሐንዲሱ የመለኪያ መሣሪያውን ይዞ ወደዚያው ምሰሶ እንደ መሄድ ነው። ስንጥቅ ታየ ማለት ድልድዩ ሊፈርስ ነው ማለት አይደለም። የላይ ልስን ብቻ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳይለካ የሚያውቅ ማንም የለም።

መለያ ማሞግራም የሚታዘዘው በሚከተሉት ምክንያቶች ነው። በጡት ወይም በብብት ውስጥ እብጠት ሲዳሰስ፤ የጡት ቆዳ ሲጎደጉድ፣ ሲቀላ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፤ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም በተለይ ደም ያለበት ፈሳሽ ሲያወጣ፤ በአንድ ቦታ ብቻ የማይለቅ ሕመም ሲኖር፤ ወይም የቅድመ ምርመራው ፎቶግራፍ ግልጽ ያልሆነ ነገር ሲያሳይ ነው። ስለ መጨረሻው ምክንያት አንድ ቁጥር ልጥቀስ። የቅድመ ምርመራ በተስፋፋባት በአሜሪካ፣ ለተጨማሪ ምርመራ ተመልሰው ከሚጠሩት ሴቶች መካከል ካንሰር የሚገኝባቸው ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም። እንግዲህ መጠራት ማለት መታመም ማለት አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የመሣሪያው አሠራር

ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1895 የራጅ ጨረርን ካገኘ በኋላ፣ ሐኪሞች አጥንትን ለማየት ብዙ አልዘገዩም። ጡትን ማየት ግን አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። አልበርት ሳሎሞን የተባለ የበርሊን ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1913፣ በቀዶ ሕክምና የወጡ 3,000 ያህል ጡቶችን በራጅ መርምሮ ካንሰር በራጅ ላይ የሚታይ መልክ እንዳለው አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ኢጋን የሚባለው ሐኪም በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ አስተማማኝ የአነሣሥ ዘዴ አቀረበ። ለጡት ብቻ የተሠራው መሣሪያም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በፈረንሳይ ተሠርቶ ለገበያ ዋለ።

ችግሩ ምን ነበር? አጥንት ከሥጋ ጋር ሲነጻጸር ጨረርን አጥብቆ ስለሚይዝ ልዩነቱ በፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። በጡት ውስጥ ያለው ግን ስብ፣ የወተት ዕጢና ደጋፊ ሥጋ ነው። እነዚህ ሁሉ ጨረርን የሚይዙበት መጠን ተቀራራቢ ነው። የደረት ራጅ ሲነሣ ከ100 ኪሎቮልት በላይ መጠቀም የተለመደ ሲሆን፣ ማሞግራም የሚሠራው ግን ከ25 እስከ 35 ኪሎቮልት ባለው ዝቅተኛ ኃይል ነው። ጨረሩ ዝቅ ሲል በስብና በዕጢ መካከል ያለው ትንሽ ልዩነት ሊታይ ይችላል። የሚፈለገውም ነገር እጅግ ጥቃቅን ነው። የካንሰር መነሻ ምልክት ሊሆኑ የሚችሉት የካልሲየም ቅንጣቶች ከአንድ ሚሊሜትር ክፍልፋይ አይበልጡም። የመሣሪያው ጨረር የሚመነጭበት ነጥብም ለዚሁ ሲባል 0.3 ሚሊሜትር ያህል፣ ለማጉያ ሥራ ደግሞ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው።

አሁን ሴቶቹን ሁሉ ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ። ጡቱ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ተጨምቆ የሚያዘው ለምንድን ነው? ባለሙያዋ ጨካኝ ስለ ሆነች አይደለም። መጨመቁ አራት ጥቅም አለው። ውፍረቱ እኩል ስለሚሆን ፎቶግራፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዐይነት ብርሃን ያገኛል፤ ተደራርቦ የነበረው ሥጋ ስለሚዘረጋ የተሸሸገው ይገለጣል፤ ጨረሩ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚያጥር የሚያስፈልገው የጨረር መጠን ይቀንሳል፣ ተበትኖ ፎቶግራፉን የሚያደበዝዘውም ጨረር ያንሳል፤ በመጨረሻም ጡቱ ስለማይነቃነቅ ምስሉ አይደበዝዝም። በደንብ ያልተያዘ ጡት የሚሰጠው ምስል እንደገና መነሣትን ያስከትላል፤ ያም ድካምን እጥፍ ማድረግ ነው።

ከቤት እስከ ምርመራው ክፍል

ለምርመራ የምትሄድ ሴት ጥቂት ነገር ብታዘጋጅ ሥራው ይቀልላታል። የወር አበባ የምታይ ከሆነችና ቀን ለመምረጥ ከቻለች፣ አበባዋ ካበቃ በኋላ ያለው ሳምንት ይሻላል፤ ጡት በዚያን ጊዜ እምብዛም አያምም። ነገር ግን እብጠት ካገኘች ለዚህ ስትል ቀጠሮዋን ማራዘም አይገባትም። በዚያን ዕለት ጠዋት ዲዮዶራንት፣ ፓውደር ወይም ቅባት በብብቷና በጡቷ ላይ አታድርግ። በእነዚህ ውስጥ የሚገኙ የብረት ቅንጣቶች በምስሉ ላይ ልክ እንደ ካልሲየም ቅንጣት ነጭ ሆነው ሊታዩና ሐኪሙን ሊያሳስቱ ይችላሉ። ወጥ ቀሚስ ከመልበስ ይልቅ ጉርድና ሸሚዝ ለብሳ ብትሄድ፣ የምታወልቀው ከወገብ በላይ ያለውን ብቻ ይሆናል። የአንገት ሐብል መውለቅ አለበት። ማተብ ያሰረች ግን መበጠስ አያስፈልጋትም፤ ወደ ጀርባ ማዞር ይበቃል። ቀደም ሲል የተነሣችው ማሞግራም ወይም አልትራሳውንድ ካለ ይዛ ትሂድ። ለሐኪሙ ከአሮጌ ምስል ጋር ማነጻጸርን የሚያህል ረዳት የለውም። እርጉዝ የሆነች፣ እርግዝና የምትጠራጠር ወይም የምታጠባ ከሆነች አስቀድማ ትናገር።

ክፍሉ ስትደርስ በመጀመሪያ ጥያቄ ይቀርብላታል። እብጠቱ መቼ ታየ? አድጓል? ከቤተ ሰብ የታመመ አለ? ቀዶ ሕክምና ተደርጎልሽ ያውቃል? ብለው ይጠይቋታል። እብጠቱ ያለበትን ቦታ በጣቷ ታሳያለች፤ ባለሙያዋም በቆዳው ላይ ትንሽ ምልክት ትለጥፍበታለች። ይህ ምልክት በምስሉ ላይ ስለሚታይ፣ የተዳሰሰውና የታየው አንድ መሆኑን ሐኪሙ ያረጋግጥበታል።

ከዚያ በኋላ ከመሣሪያው ፊት ትቆማለች፤ መቆም የማትችል ሴት ተቀምጣ ልትነሣ ትችላለች። እያንዳንዱ ጡት በተለምዶ ሁለት ጊዜ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ከጎን በሰያፍ። በሰያፉ አነሣሥ ብብትም ጭምር ይታያል። መጨመቁ ይሰማታል፤ አንዳንዷን ያማታል፤ ሌላዋን ቅር ያሰኛታል እንጂ አያማትም። የሚቆየው ግን ለእያንዳንዱ ምስል ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው። ካቃታት «ይበቃል» ለማለት መብቷ ነው። እስትንፋሷን እንድትይዝ ትጠየቃለች፤ ወዲያው ሰሌዳው ይለቃታል።

ቅድመ ምርመራ ቢሆን ኖሮ ሥራው እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። መለያ ማሞግራም ግን ይቀጥላል። ባለሙያዋ ምስሉን ለራዲዮሎጂ ሐኪሙ ታሳይና ተመልሳ «አንድ ሌላ እናነሣለን» ትላለች። ብዙዎች ልባቸው የሚርደው እዚህ ላይ ነው። መርዳት አይገባቸውም። ተጨማሪ ምስል የመለያ ማሞግራም ተፈጥሮው ነው። በትንሽ ሰሌዳ ያንኑ ቦታ ብቻ ለይቶ መጫን አለ፤ ጡቱን ከምስል መቀበያው አርቆ ማጉላት አለ፤ ቀጥ ብሎ ከጎን ማንሣትም አለ። በየጊዜው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ጥላ እውነተኛ ነገር ነው ወይስ የሥጋ መደራረብ? አያሌ አጠራጣሪ ጥላዎች በዚህ ዘዴ ተዘርግተው ሲታዩ ምንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ የጨረሩ ምንጭ በቅስት እየዞረ ብዙ ምስሎች ያነሣና ጡቱን በስስ በስሱ ለይቶ የሚያሳይ ሥዕል ያዘጋጃል።

ከዚያም ብዙ ጊዜ አልትራሳውንድ ይከተላል። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም፤ በድምፅ ሞገድ ይሠራል። ትልቁ ጥቅሙም እብጠቱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሁን ወይም ድፍን ይሁን መለየቱ ነው። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች ለሆኑ ሴቶች እንዲያውም መጀመሪያ የሚደረገው እርሱ ነው። ሁሉም ተደምሮ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ቀጠሮ ያላት ሴት ለዚያ ቀን ሌላ ጉዳይ ባትደራርብ ይሻላታል።

ስለ ጨረሩ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የሁለቱ ጡቶች የተለመደ ማሞግራም 0.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይሰጣል። ማንኛችንም ከምድርና ከሰማይ በተፈጥሮ የምንቀበለው ጨረር በዓለም አማካይ ግምት በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ነው። እንግዲህ ማሞግራሙ የሁለት ወር የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው ማለት ነው። ተጨማሪ ምስል ሲነሣ በመጠኑ ከፍ ይላል። እብጠት ላለባት ሴት ይህ ከምርመራው ለመሸሽ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ውጤቱን እንዴት እንረዳ?

በአንዳንድ ቦታ ሐኪሙ ውጤቱን በዚያው ዕለት ይናገራል፤ በሌላው ቦታ ጽሑፉ ወዳዘዘው ሐኪም ይላካል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ኮሌጅ ያወጣው፣ ባይራድስ የሚባለው መመዘኛ ከ0 እስከ 6 ቁጥሮች አሉት። 0 ማለት ምርመራው ገና አልተሟላም፣ ተጨማሪ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ክፉ ዜና አይደለም። 1 ምንም አልታየም፤ 2 የታየው ጉዳት የሌለው ነው። 3 ጉዳት የሌለው የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍ ያለ ነው፤ ካንሰር የመሆኑ ዕድል ከመቶ ሁለት ስለማይበልጥ ከ6 ወር በኋላ ይታያል። 4 አጠራጣሪ ስለ ሆነ በመርፌ ናሙና ይወሰድ ማለት ነው። የዚህ ክፍል ስፋቱ ትልቅ ነው፤ ዕድሉ ከመቶ ከሁለት በላይ ጀምሮ እስከ 95 ይደርሳል፤ ስለዚህ 4 የተጻፈላት ሴት ሁሉ ካንሰር አለባት ማለት አይደለም። 5 የካንሰር ጥርጣሬው ከመቶ 95 እና ከዚያ በላይ ነው። 6 አስቀድሞ በናሙና የተረጋገጠ ነው።

ናሙና ሲወሰድ ቦታው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም እየተመሩ ከእብጠቱ ጥቂት ይወሰዳል። «መርፌ ከነካው ይሠራጫል» የሚባለውን ወሬ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህ ወሬ ሴቶችን ከሕክምና ያራቀ ነውና ሰምተን ዝም ልንለው አይገባም። ናሙና ሳይወሰድ ካንሰር ነው ወይም አይደለም ብሎ በእርግጠኝነት ለመናገር አይቻልም፤ ሕክምናውንም መምረጥ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ግን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ማሞግራም ሁሉን አያይም። በቅድመ ምርመራ ጊዜ ከ8 ካንሰሮች አንዱን ያህል ሊያሳልፍ ይችላል። ዕጢ የበዛበት ጡት በምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ካንሰሩም ነጭ ነው። በወጣት ሴቶች ጡት ውስጥ ደግሞ ዕጢው ብዙ ነው፤ በአገራችንም የጡት ካንሰር ገና በጎልማሳነት ዕድሜ ያሉትን እናቶች አብዝቶ ይይዛል። ስለዚህ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት እያለ «ማሞግራሙ ንጹሕ ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት ጥያቄዋ አልተመለሰላትም። «እብጠቱስ ምንድን ነው?» ብላ መጠየቅ፣ አልትራሳውንድ ወይም ናሙና ማስደረግ አለባት። እኛ ብንሆን መለኪያው ምንም አላሳየም ብለን በዐይናችን የምናየውን ስንጥቅ አንተወውም።

ቀናቱና የእኛ ድርሻ

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኘባቸው፤ 670,000 ሰዎችም በዚሁ በሽታ ሞቱ። በአገራችንም ከሴቶች ካንሰሮች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው። ድርጅቱ ባወጣው ዕቅድ፣ አንዲት ሴት ምልክቱን ይዛ ሐኪም ፊት ከቀረበችበት ቀን ጀምሮ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅ ግብ አስቀምጧል። ስድሳ ቀን! እኛ የሥራ መርሐ ግብር የምናወጣ ሰዎች ነንና ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተበላሸ መሣሪያ ለማየት ወደ አንድ ሆስፒታል ተጠርቼ ሄድሁ። በኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡ እናት መፍቻ ይዤ ስገባ አዩኝ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ዛሬ ይነሣ ይሆን?» አሉኝ።

«ዕቃው ገና አልመጣም፣ እማማ። ምን ያህል ጊዜ ተመላለሱ?» አልኋቸው።

«ይኸ ሦስተኛዬ ነው። መጀመሪያ አያመኝም ብዬ ሰብሉ እስኪገባ ቆየሁ። አሁን ደግሞ እኔ ስመጣ እሱ ታመመ» አሉና ፈገግ አሉ።

የጎደለው ዕቃ በአንድ እጅ የሚያዝ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነበር። ግዢው ተጠይቋል፤ ደብዳቤው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። እኒያን እናት ሌላ ቦታ ሄደው አልትራሳውንድ እንዲነሡ ከነርሷ ጋር ሆነን አድራሻ ጻፍንላቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

በእኒህ እናት ታሪክ ውስጥ ሁለት ዐይነት ቀናት አሉ። አንደኞቹ እርሳቸው ያሳለፏቸው ናቸው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ አለማመሙም ያዘናጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። እነዚህን ቀናት ለማሳጠር እያንዳንዳችን በየቤታችን ልንናገር ይገባል። ሁለተኞቹ ቀናት ግን የእኛ ናቸው። መሣሪያ ሲገዛ የመለዋወጫውና የጥገናው ውል አብሮ ይገዛ፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል መዋዠቅ መሣሪያውን እንዳያቃጥል መከላከያ ይበጅለት፤ በቦታው ያለ ቴክኒሽያን ይሠልጥን፤ የመጨመቂያው ኃይል፣ የጨረሩ መጠንና የምስሉ ጥራት በየጊዜው ይለካ። መጨመቂያው ከልክ በላይ የሚጫን መሣሪያ ሴቶችን አሳምሞ ያባርራል፤ ምስሉ የደበዘዘ መሣሪያ ደግሞ ያለውን የለም ብሎ ይመልሳል። ይህ ሁሉ የሐኪሙ ሥራ አይደለም፤ የመሐንዲሱ ነው።

የማሞግራም መሣሪያዎች በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች የተወሰኑ ስለ ሆኑ፣ በአቅራቢያዋ መሣሪያው የሌላት ሴት ምን ታድርግ የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ መሣሪያውን እየጠበቀች አትቀመጥ የሚል ነው። እብጠቱን የሚዳስስ ሐኪም፣ አልትራሳውንድና በመርፌ ናሙና መውሰድ በብዙ ሆስፒታሎች ይገኛሉ፤ ምርመራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።

ክቡራትና ክቡራን፤ ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ እናቶቻችንን፣ እኅቶቻችንንና ባለቤቶቻችንን አንድ ጥያቄ እንድንጠይቃቸው እለምናለሁ። በጡታቸው ላይ ያዩት፣ ያልነገሩን ለውጥ አለን? ካለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከእነርሱ ጋር ሐኪም ዘንድ እንሂድ። ማሞግራም ከታዘዘም ከላይ የገለጽሁትን አስቀድመን እንንገራቸውና ከበሩ ውጪ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸው። በየመሥሪያ ቤታችን ደግሞ ስለ ሕክምና መሣሪያ ግዢና ጥገና የሚወስን ጉዳይ ከጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ፣ በማግሥቱ ሳይሆን በዚያው ዕለት እንፈርም።